የተቆፈረ አፈር ባለቤት አለው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ግንባታ ሥራና ስለ አፈር መከላት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የአፈር ጉዳይ ነው። «አፈር ደግሞ ምን ይወራበታል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በታችኛው ሰፈር ቤት ውስጥ ጭቃ የገባባቸው ሰዎች እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። የመንገዱ ዳር ቦይ በደለል ተደፍኖ ውሃው መንገዱን ይዞ እንደወረደ፣ ልጆች ለፈተና በጭቃ ውስጥ ተሸክመናቸው እንደተሻገሩ ሁላችንም አይተናል። ከጭቃው የባሰው ግን ሌላ ነው። በላይኛውና በታችኛው ሰፈር መካከል ቅሬታ ገብቷል። አንድ ዕድር ውስጥ ያሉ፣ ለቅሶና ሠርግ አብረው የሚውሉ ሰዎች ተኳርፈው ሰንብተዋል። ነገሩን ሽማግሌዎች አብርደውታል፤ ክረምቱ ግን ተመልሶ እየመጣ ነው።

በመሆኑም ኮሚቴው ቤት ለመሥራትም ሆነ መንገድ ለመቁረጥ መሬት የሚከፍት ሁሉ የሚመራበት አጭር ደንብ አርቅቋል። የእኔ ድርሻ ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት ነው። የማስረዳውም በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ አፈሩን ያነቃነቀ ሰው፣ ያ አፈር እንደገና ሣር እስኪለብስ ወይም ሕንፃ እስኪያርፍበት ድረስ ተጠያቂው እሱ ነው። የተቆፈረ አፈር ባለቤት አለው።

የጉዳዩ አመጣጥ

እንደሚታወቀው የጎጃም ምድር ክረምቱ ብርቱ ነው። ዝናቡ ከግንቦት መጨረሻና ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይበረታል። መሬቱ ራቁቱን ሲሆን የዝናቡ ጠብታ ራሱ እንደ መዶሻ ነው። አፈሩን ይፈታዋል፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃው መስረጉን ትቶ ላዩን ይሮጣል። ሣር ያለበት ቦታ ላይ ጠብታው ሣሩን ይመታል እንጂ አፈሩን አያገኘውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በእርሻ በኩል ያለው ጉዳት ከተጠና ቆይቷል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ ጥናት ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገምቷል። በእኛ አነጋገር ስንመነዝረው ከአንድ ቃዳ ከ100 ኩንታል በላይ ማለት ነው። ከአንድ ቃዳ 100 ኩንታል እህል አፍሶ የሚያውቅ ገበሬ ካለ እጁን ያውጣ! እህሉን ሳናፍስ አፈሩን እያፈሰስን ኖረናል ማለት ነው።

ታዲያ ገበሬው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ከደምበጫ ወደ ሰሜን አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። በ1976 ዓ.ም. እዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ የተመረጠው ተፋሰስ 113 ሄክታር ገደማ ነው። በ1978 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ማሳቸው ላይ «ፋንያ ጁ» የሚባለውን እርከን ሠሩ። ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ ከኬንያ የመጣ ሲሆን ወደ ላይ መጣል ማለት ነው። ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል፤ ከላይ የሚመጣው ደለል እዚያ እያረፈ ከዓመት ወደ ዓመት ተዳፋቱ እንደ ደረጃ ይሆናል። አንጀኒ ላይ እርከኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ደረጃ ተለውጧል።

ከአንጀኒ ግን ሌላም ትምህርት አለ። ዝናብ በበዛበት አገር ውሃውን እንዲሁ መገደብ አይበቃም። መውጫ ካላገኘ ሞልቶ እርከኑን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቦዩ በለዘብተኛ ተዳፋት ተቀይሶ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ተዘጋጀለት መውረጃ መሄድ አለበት። ይህንን አባቶቻችንም ያውቁት ነበር፤ በማሳ ላይ ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ፈሰሱ ቁልቁል ከሆነ ቦረቦር ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው ይተኛል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ቤት ሥራ ስንመጣ እንመለስበታለን።

ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ገበሬው በየበጋው በዘመቻ እየወጣ እርከን ሲሠራ፣ ክትር ሲያስር፣ ቦረቦር ሲያዳፍን ኖሯል። ሕጉም ይዞታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ የጠረጴዛ እርከን ሳይሠራበት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ቢተካም ገበሬው የለመደውን አስቡት። «መሬትህ ነው፣ እንደፈለግህ አድርገው» አልተባለም። ከታችህ ሰው አለ ተባለ።

እኛስ? እኛ በሰፈሩ ውስጥ ያለን ሰዎች ቤት ስንሠራ፣ ቦታ ስናስተካክል፣ ገረጋንቲ ስናስደፋ ማን ምን አለን?

የግንባታ አፈር ከእርሻ አፈር ይብሳል

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ካሬ ሜትር ተዳፋት ቦታ ለማስተካከል በአማካይ ግማሽ ሜትር ቢቆረጥ 100 ሜትር ኩብ አፈር ይነሣል። ትልቁ ገልባጭ መኪና ስድስት ጊዜ ያህል የሚመላለስበት ነው። ይህ አፈር በሰኔ ወር መንገድ ዳር ተከምሮ ቢያድር ሐምሌ ሲገባ የት ይገኛል? ሌባ አይወስደውም፤ ግማሹ ከታች ባለው ቤት ደጃፍና በቦዩ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ቤቱ ካለቀ በኋላም ነገሩ አያበቃም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 4,000 ሊትር ውሃ ያፈሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 200 ጀሪካን መሆኑ ነው። ያ ውሃ ድሮ በሣሩ ውስጥ ይሰርግ ነበር። አሁን ባንድ አሸንዳ ተሰብስቦ ባንድ ቦታ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን አፈር ቢበላ ምን ይገርማል?

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የወንዝ ደለል ያጠኑ ሊቃውንት፣ ለግንባታ ከተገላበጠ መሬት የሚወጣው ደለል ከእርሻና ከጫካ ከሚወጣው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳዩ። ግዛቱ በ1970 እ.ኤ.አ. የደለል መቆጣጠሪያ ሕግ አወጣ። የሕጉ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ሠሪው አፈሩን እንዴት እንደሚይዝ አስቀድሞ አሳይቶ ሳይፈቀድለት መሬት አይከፍትም። ሀብታም አገር ስለሆኑ አይደለም እንዲህ ያደረጉት፤ ወንዛቸውና ወደባቸው ሲደፈን ስላዩ ነው።

በእኛም አገር ግንባታው እየሰፋ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ በየአቅጣጫው ሲለጠጡ የምናየው ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ250 ሄክታር በላይ ነው። ልማት ነው፣ እንፈልገዋለን፤ ልጆቻችን ሥራ የሚያገኙት በልማት ነው። ነገር ግን ማሳው ጣሪያና አስፋልት ሲሆን ውሃው መሄጃ ይፈልጋል። መሄጃውን እኛ ካላበጀንለት ራሱ ያበጃል። ውሃ ራሱ የሚያበጀው መንገድ ስሙ ቦረቦር ይባላል።

አፈሩ የት ይሄዳል?

«ከሰፈራችን ከወጣ በኋላ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ቆጋን አስቡ። ግንባታው በ1990ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለአገልግሎት የበቃው፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝና ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ነው የታቀደው። በበጋ የምንበላው ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ስንዴው፣ አቮካዶው ሳይቀር ከዚያ ውሃ ነው። ከግድቡ በላይ ያለ አፈር ወደ ግድቡ ይገባል። ከግድቡ በታች ያለው ደግሞ ወደ መስኖ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ጣና ይወርዳል።

ግድብ ውስጥ የገባ ደለል እንደ ውሃ በር ተከፍቶለት አይወጣም። ደለል የያዘው ቦታ ከእንግዲህ ውሃ አይይዝም። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ደለል ከገበሬው ላይ የተቀነሰ አንድ ሜትር ኩብ የበጋ ውሃ ነው። የመስኖ ቦይ ውስጥ የገባው ደግሞ በዶማና በአካፋ መጠረግ አለበት፤ ጠራጊው ገበሬው ነው፣ ጉልበቱም በነፃ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ዛሬ ከግንዱ ይልቅ የሚያሳስበው ይዞት የሚዞረው አፈር ነው። እሱም ከአንዳችን ግቢ ጀምሮ ነው የሚወርደው።

የረቂቅ ደንቡ ዋና ዋና ነጥቦች

1ኛ. ማሳወቅ፦ መሠረት የሚያስቆፍር፣ ቦታ የሚያስተካክል ወይም መግቢያ መንገድ የሚቆርጥ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ 15 ቀን በፊት ለኮሚቴው ይነግራል። ፈቃድ ለመስጠት አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶች ቦታውን አብረው አይተው የውሃውን መሄጃ እንዲስማሙበት ነው።

2ኛ. ወቅት፦ አዲስ ቁፋሮ የሚደረገው ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 15 ነው። ከዚያ በኋላ የተጀመረውን መጨረስ እንጂ አዲስ ተዳፋት መክፈት አይቻልም። ድንገተኛ ችግር ለገጠመው ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ይወስናል።

3ኛ. ልክ፦ በዚያው በጋ የሚሠራበትን ያህል ብቻ ይከፈታል። የቀረው ሣሩን እንደለበሰ ይቆያል። ሁሉን ገፎ «ለከርሞ እደርስበታለሁ» ማለት ቀረ።

4ኛ. ክምር፦ ላይኛው ለም አፈር ለብቻው ይቀመጣል፤ በኋላ ለጓሮ ይፈለጋል። ማናቸውም የአፈር፣ የአሸዋ ወይም የገረጋንቲ ክምር መንገድ ላይ፣ ቦይ ውስጥና ከቦይ አምስት እርምጃ ባልራቀ ቦታ አይደፋም። ዝናብ ከመጣ በላስቲክ ወይም በገለባ ይሸፈናል።

5ኛ. መያዣ፦ ከቁፋሮው በታች በኩል ድንጋይ ተደርድሮ ወይም አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ መያዣ ይሠራል፤ ከሱ በላይ የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ግማሽ ሲደርስ ይጠረጋል።

6ኛ. የውሃ መውረጃ፦ ከላይ የሚመጣው ውሃ ቁፋሮውን ዞሮ እንዲያልፍ ፈሰስ ይወጣለታል። የአንጀኒውን ትምህርት አስታውሱ፤ በለዘብተኛ ተዳፋት ይሁን፣ መጨረሻውም የታወቀ ይሁን። የፈሰሱን አፍ ወደ ጎረቤት ግቢ ማዞር ክልክል ነው። አሸንዳ የሚወርድበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፍበታል።

7ኛ. ማልበስ፦ ሥራው ያለቀበት ራቁት መሬት ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ይለብሳል። ለተዳፋቱ ደሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከላል። ደሾና ዝሆኔ ለከብት መኖ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ኪሳራ የለበትም።

8ኛ. አፈጻጸም፦ ከላይኛው ሰፈር አንድ፣ ከታችኛው አንድ፣ ከኮሚቴው አንድ፣ ሦስት ሰዎች ሆነው ያያሉ። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ማሳሰቢያ ይሰጣል። ካልተሰማ ማኅበሩ ሥራውን አሠርቶ ወጪውን ይጠይቃል፤ እሱም ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ቀበሌና ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል።

ስለተነሡት ተቃውሞዎች

ባለፈው ወር ረቂቁ ሲነበብ ሦስት ተቃውሞዎች ተነሥተው ነበር፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «በገዛ ግቢዬ ማን ያዘኛል?» የሚል ነው። በግቢህ የሚቀረውን ማንም አልጠየቀህም። የተጠየቀው ከግቢህ የሚወጣው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ከመጉዳት መቆጠብ እንዳለበት ይናገራል። እንግዲህ አዲስ ነገር አላመጣንም።

ሁለተኛው «ድሃው ምን ይሁን?» የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥቂት ጥቂት እያጠራቀሙ፣ አንድ ዓመት መሠረት አውጥተው አንድ ዓመት ግድግዳ የሚያቆሙ አሉን፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች አሉን። በመሆኑም ረቂቁ ላይ እንዲጨመር የምጠይቀው አለ፤ አቅም ለሌላቸው መያዣውንና ፈሰሱን ማኅበሩ በወንፈል ይሥራላቸው። ድንጋይና ከረጢት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ጉልበት ደግሞ ወጣቶቻችን አላቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው «እኛን ትይዛላችሁ፣ መንገድ ሠሪውንስ?» የሚል ነው። እውነት ነው። መንገድ ሲቆረጥ የየቦታው ውሃ ተሰብስቦ ባንድ ቱቦ ይወጣል፤ የቱቦው አፍ ድንጋይ ካልተነጠፈበት ከታች ያለው ማሳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማናቸውም ተቋራጭ ወደ ሰፈራችን ሲገባ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ኮሚቴው ይህንኑ ደንብ ይዞ ሥራው ሳይጀመር እንዲያነጋግረው በረቂቁ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የራሳችንን ደጅ ሳንይዝ ሌላውን ብንጠይቅ ማን ይሰማናል? እኛ ስንይዝ ነው አፋችን የሚሞላው።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ አንድ የማይካድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ደንብ ጎርፍን አያስቀርም። ሐምሌ ሐምሌ ነው፤ ይዘንባል። ደንቡ የሚያስቀረው እኛ በእጃችን የምንጨምረውን ነው። ከታች ያለ ሰው የሰማዩን ውሃ ይችለዋል፤ የጎረቤቱን ጭቃ ግን መሸከም የለበትም። ከላይ ያለውም ነገ ከእሱ በላይ ሌላ ሰው እንደሚሠራ ያስብ፤ ሰፈሩ ወደ ኮረብታው እየወጣ ነው። ዛሬ ላይኛ የተባለው ከጥቂት ዓመት በኋላ ታችኛ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡን ስናጸድቅ ለሌላው የምናዝን መስሎ አይታየን፤ ለራሳችን ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳንባል ጊዜው አሁን ነው። አፈሩ ገና በቦታው እያለ፣ ቦዩ ገና ደረቅ እያለ፣ ከጎረቤታችንም ጋር ገና እየተነጋገርን ሳለን እንወስን። በመጪው እሑድ ድምፅ ሲሰጥ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲገኝ፣ የላይኛው ሰፈር ሰዎችም በተለይ እንዳትቀሩ አደራ እላለሁ።



ማሳሰቢያ፦ የረቂቅ ደንቡ ሙሉ ቃል እስከ ድምፅ መስጫው ቀን በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይቆያል። የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ሐሳብ ያለው ነዋሪ በጽሑፍ ለኮሚቴው ያቅርብ፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ይንገር፣ ይጻፍለታል።